ፓኒር ልሠራ ተነስቼ ልኬቱ ላይ ቆምኩ፦ ጋሎን፣ ፓይንት፣ ማንኪያ፣ 200 ዲግሪ

የማታ ድስት፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ፓላክ ፓኒር፣ ያን የሕንዶች የስፒናችና የአይብ ወጥ፣ ልሠራ አስቤ ስፒናቹንም ቅመሙንም አሟልቻለሁ፤ የቀረኝ ፓኒሩ፣ ማለትም አይቡ ነው። እሱንም ከምገዛው ራሴ ላርጋው ብዬ ሦስት አሠራር ሰበሰብኩ። ችግሩ ሦስቱም በየራሳቸው መለኪያ ነው የሚያወሩት።

አንደኛው የአሜሪካ ነው። ግማሽ ጋሎን ወተት፣ ሩብ ኩባያ የሎሚ ጭማቂ፣ ወተቱን ደግሞ 200 ዲግሪ አድርሰው ይላል። ሁለተኛው የአውስትራሊያ ነው፦ 2 ሊትር ወተት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ። ሦስተኛው ከአንድ የቆየ የእንግሊዝ የምግብ መጽሐፍ ላይ የተቀዳ ነው፦ 4 ፓይንት ወተትና የሁለት ሎሚ ጭማቂ። ስለ ሙቀት ምንም አይልም፣ «ሲፈላ» ብሎ ያልፈዋል።

ሊትር የሚለው ስለቀለለኝ በአውስትራሊያው ጀመርኩ። 3 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ጨመርኩበት። ወተቱ ተቆራረጠ፣ አጓቱ ግን ወተት እንደመሰለ ቀረ። ጨርቁ ላይ የተረፈው ልፍስፍስ ያለ ነገር ነው፤ ተጭኖ ካደረ በኋላም ቆራርጬ መጥበሻ ላይ ሳደርገው ተበታተነ።

በአሜሪካው ልሞክር ስል ደግሞ 200 ዲግሪው መጣ። ቴርሞሜትሬ የሚያነበው በሴልሺየስ ነው። ወተቱ ሲንተከተክ 92 ላይ ይቆምና ከዚያ ንቅንቅ አይልም። የተሳሳተው ቴርሞሜትሩ ነው ወይስ አሠራሩ?

ፓላክ ፓኒሩ የሚጠይቀው 14 አውንስ ፓኒር ነው። ለዚያ ስንት ወተት ልግዛ? ሎሚና አቼቶስ እኩል በእኩል ይተካካሉ? ቤት ያሉኝ ኩባያዎች አንዱ ካንዱ አይገጥምም። ዲጂታል ሚዛን አለኝ፣ ግን ከሳጥኑ ወጥቶ አያውቅም። እባካችሁ በሊትርና በግራም አስረዱኝ።


ቶሎ መላሽ፦

200ው ፋራናይት ነው ወንድም፣ ወደ 93 ሴልሺየስ ይሆናል። ቴርሞሜትርህ ደህና ነው። ፓይንት ማለት ግማሽ ሊትር ነው። ሎሚም አቼቶም ያው አሲድ ነው፣ ጨመር አድርግበት ይረጋል።


ወፍራም ወንፊት፦

ቶሎ መላሽ፣ ፋራናይቱን ልክ ብለሃል። «ፓይንት ግማሽ ሊትር ነው» የሚለውን ግን ተወው፣ የሰው ወተት ታስደፋለህ። የማን ፓይንት? የአሜሪካው 473 ሚሊ ሊትር ነው፣ የእንግሊዙ 568። አንድ ፓይንት ላይ ልዩነቱ አያስደነግጥም። 4 ሲሆን ግን የአሜሪካው 1.89 ሊትር፣ የእንግሊዙ 2.27 ሊትር ይሆናል። ጋሎኑም እንደዚያው ነው፤ የአሜሪካው 3.785 ሊትር፣ የእንግሊዙ 4.546። እናም የማታ ድስት ወንድሜ፣ አሠራር ሲሰጡህ ከቁጥሩ በፊት አገሩን ጠይቅ።

አሁን ወዳንተ ጣጣ ልምጣ። ጉዱን የሠራህ ማንኪያው ነው። አውስትራሊያ ውስጥ የሾርባ ማንኪያ ሲባል 20 ሚሊ ሊትር ነው። ሌላው አገር በአብዛኛው 15 ነው የሚለው፤ የአሜሪካው 14.8 ቢሆንም ያው 15 በለው። አንተ በ15 ሦስት ጊዜ ስትጨምር 45 ሚሊ ሊትር አቼቶ ገባ፣ አሠራሩን የጻፈው ሰው ያሰበው 60 ነው። ሩቡ ጎደለ ማለት ነው። አጓቱ ነጭ የሆነው ለዚህ ነው፤ ገና ያልረጋ ፕሮቲንና ቅባት ውስጡ ቀርቶ በጨርቁ ሾልኮ ሄዶብሃል።

እስቲ ሁለቱን አሠራሮች ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። የአሜሪካው ሩብ ኩባያ 59 ሚሊ ሊትር ነው፣ ለ1.89 ሊትር ወተት። የአውስትራሊያው 60 ሚሊ ሊትር ነው፣ ለ2 ሊትር። የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ የሚሉት አንድ ነው፦ ለ1 ሊትር ወተት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ። የአቼቶው ጠርሙስ 5 በመቶ አሲድ የሚል ከሆነ ሎሚውና አቼቶው በዚህ መጠን እኩል በእኩል ይተካካሉ። አቼቶው ሽታ ይተዋል፣ እሱ ግን በውሃ ይታጠባል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ እኔ ራሴ አሲዱን ለክቼ አላፈስም። የማዘጋጀው በልክ ነው፣ የማፈሰው ግን በዓይኔ ነው። ለብዙ ዓመት ድግስ የሚያዘጋጅ ወጥ ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ፤ የሕንድ ምግብ የሚያዙ ደንበኞች ነበሩን፣ ፓኒሩ ደግሞ የኔ ሥራ ነበር። አንዱ ሎሚ ሲነኩት ያቃጥላል፣ አንዱ ውሃ ነው። ወተቱም ከቀን ቀን ይለያያል። መጽሐፉ «የሁለት ሎሚ ጭማቂ» ሲል በእጁ የትኛውን ሎሚ እንደያዘ ማን አየው?

ስለዚህ ለ1 ሊትር ወተት 45 ሚሊ ሊትር አዘጋጅ፣ ያንኑ ያህል ሞቅ ያለ ውሃ ጨምረህ አቅጥነው። እሳቱን ቀንስ። ሢሶውን አፍስስ፣ በጭልፋ ሁለት ሦስት ጊዜ በቀስታ አዙርና እጅህን ሰብስበህ ተመልከት። መጀመሪያ የሚታየው ጭልፋው ጀርባ ላይ የሚለጠፍ ደቃቅ ነገር ነው፤ ወተቱ ያው ነጭ ነው። ሁለተኛውን ስታፈስ ደቃቁ እየተያያዘ ፍርፋሪ ይሆናል፣ በመሃሉም ደብዘዝ ያለ ውሃ ብቅ ይላል። ከዚህ በኋላ አንድ አንድ ማንኪያ ነው፣ በየመሃሉ ግማሽ ደቂቃ እየጠበቅህ። አጓቱ ወደ ቢጫና ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጥርት ያለ ውሃ ሆኖ፣ ጭልፋውን ስትነክረው ወለሉ ሲታይህ አበቃ። የተረፈው ሎሚ ይትረፍ። እሳቱንም ያኔውኑ አጥፋ። «ለማንኛውም» እያሉ ሎሚ መጨመር ፓኒሩን ጎምዛዛና ፍርፍር ያለ ያደርገዋል፤ ከረጋ በኋላ ማንተክተክ ደግሞ ጎማ ያደርገዋል።

ማማሰሉ ላይም ጠንቀቅ በል። ብዙ ሰው አሲዱን ጨምሮ እንደ ደነገጠ ሰው ያማስላል። ፍርፋሪው መያያዝ የሚፈልግበት ሰዓት እሱ ነው፤ ስትመታው ይደቅቅና ወንፊቱ ላይ የሚቀርህ ጥቂት ይሆናል።

ኩባያህን አትመነው። ሚዛኑን ከሳጥኑ አውጣ። ባዶውን ኩባያ ጫንበት፣ ዜሮ አድርገው፣ እስከምትጠቀምበት መስመር ድረስ ውሃ ሙላ። 1 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 ግራም ስለሚመዝን ያነበብከው ግራም ሚሊ ሊትሩ ነው። የአሜሪካ ኩባያ 237 ገደማ ነው (የምግብ ማሸጊያቸው ላይ ለሥሌት እንዲመች 240 ይሉታል)፣ የአውስትራሊያው 250፣ የጃፓኑ 200። ማንኪያን ግን በአንዱ ብቻ አትመዝን፣ የቤት ሚዛን ጥቂት ነገር ላይ ይዋሻል፤ 10 ማንኪያ ውሃ ጨምርና ለ10 አካፍል። ያገኘኸውን ጽፈህ ኩባያው ሥር ለጥፈው፣ ከዚያ ወዲያ አታስብበትም። ወተት ከውሃ ትንሽ ከበድ ይላል፣ ሊትሩ 1030 ግራም አካባቢ ነው። ለፓኒር ይህችን ልዩነት ብትረሳትም ምንም አትሆን። ኬክ ስትጋግር ግን ይህን የውሃ ሥሌት ወደ ዱቄት እንዳትወስደው፤ የአሜሪካ 1 ኩባያ ስኳር 200 ግራም ሲሆን ዱቄቱ 120 ወይም 125 ነው። ኩባያ የሚነግርህ ይዘት ነው፣ ክብደቱ እንደ ገባበት ነገር ነው።

አውንስም ሁለት ነው። የክብደቱ 28.35 ግራም። የፈሳሹ ደግሞ የአሜሪካው 29.6 ሚሊ ሊትር፣ የእንግሊዙ 28.4። ፓኒር የሚመዘን ነገር ስለሆነ ያንተ 14 አውንስ 397 ግራም ነው፣ 400 በለው። ከ1 ሊትር ሙሉ ቅባት ያለው የላም ወተት ከ150 እስከ 200 ግራም ፓኒር ይወጣል። 2.5 ሊትር ግዛ። በአሜሪካው ግማሽ ጋሎን ከሄድክ ከ280 እስከ 380 ግራም ነው የምታገኘው፣ ላይኛው ላይ የምትደርሰውም ከቀናህ ነው።

ስለ 92ህ፦ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የምትኖር ይመስለኛል። ውሃ 100 ላይ የሚፈላው በባሕር ጠለል ነው። ወደ ላይ ስትወጣ በየ300 ሜትሩ ወደ 1 ዲግሪ ይቀንሳል፤ 2400 ሜትር ላይ 92 አካባቢ ይፈላል። ወተትም ከዚህ የራቀ አይደለም። 93 እስኪደርስ ብትጠብቅ ምድጃው ላይ ይገነፍልብሃል እንጂ አይደርስም። ደግሞም አያስፈልግህም፤ ከ85 በላይ ሆኖ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በቂ ነው። ፋራናይት ሲገጥምህ 32 ቀንስ፣ በ5 አባዛ፣ ለ9 አካፍል። «30 ቀንስና ለሁለት ክፈል» የሚሉት አቋራጭ ለአየር ጠባይ ይሆናል፤ 200ውን 85 ነው የሚልህ፣ 8 ዲግሪ አጎደለ። ፓኒር ይህን ይችለዋል፣ የስኳር ሽሮፕ ግን አይምርህም።

ማጥለሉ ቀላል ነው። እሳቱ ከጠፋ በኋላ 5 ደቂቃ ያህል ይረፍ። ወንፊት ላይ ስስ ጨርቅ አንጥፈህ ገልብጠው፣ በአንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቀው፣ ጨርቁን ሰብስበህ ጭመቅና ጠፍጣፋ አድርገህ ጠቅልለው። መጫን ያለበት ገና ትኩስ ሳለ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ ብትጭነው ውሃው ይወጣል እንጂ ፍርፋሪው እርስ በርሱ አይያያዝም፤ ሲያድር የተጫነው ያንተ ፓኒር ከዚህም ሳይጎዳ አልቀረም። 3 ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን 3 ኪሎ ነው፣ ከሱ በላይ አያሻህም። ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ካቆየኸው በኋላ ፈትተህ በረዶ የመሰለ ውሃ ውስጥ ሁለት ሰዓት ንከረው። ቢላ የሚይዘው ከዚያ በኋላ ነው።


የማታ ድስት፦

እትዬ ወንፊት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሚዛኑን አወጣሁት፣ ከኩባያዎቹ ጋርም ተዋወቅን። ትልቁ 310 ሚሊ ሊትር ነው፣ ትንሹ 180። ሁለቱንም «ኩባያ» እያልኩ ስለካባቸው ነበር የኖርኩት።

የባሰው ማንኪያው ነው። 10 ማንኪያ ውሃ 112 ግራም መዘነ። የኔ የሾርባ ማንኪያ 15 እንኳ አይደለም፣ 11 ነው። እርስዎ 45 ገባ ብለው የገመቱት 33 ብቻ ነበር። ወተቱ መቆራረጡ ራሱ ገረመኝ።

ቦታው ከፍታ መሆኑንም አውቀውብኛል። የቀሩኝ ሁለት ናቸው። ወተቱ የካርቶን ነው፣ ሳይከፈት ለወራት የሚቆየው ዓይነት፤ እሱስ ይረብሻል? ሌላው፣ ሲትሪክ አሲድ ዱቄት አለኝ። አንድ ቦታ «ለ1 ሊትር ግማሽ የሻይ ማንኪያ» ይላል፤ ከዚህ በኋላ ግን ማንኪያ የሚል ነገር ማመን አቅቶኛል።


ነጭ ጋውን፦

የምሠራው ወተት ማቀነባበሪያ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። እትዬ ወንፊት አብዛኛውን ስለጨረሱት በቀረው ልግባ።

የካርቶኑ ወተት ከ135 ዲግሪ በላይ ለጥቂት ሰከንድ የገባ ነው፤ ቅባቱም ወደ ደቃቅ ጠብታ ተበትኗል። በአሲድ ይረጋል፣ ግን ፍርፋሪው ደቃቅና ለስላሳ ይሆናል፣ ሲጫንም ጥሩ አድርጎ አይያያዝም። የተሻለው በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ብቻ ፓስቸራይዝ የተደረገውና ቶሎ የሚበላሸው ወተት ነው። ቅባቱ ላዩ ላይ የሚሰፍርለት ዓይነት ካገኘህማ እሱን አትለፈው። በሕንድ በብዛት የሚመረጠው የጎሽ ወተት ነው፤ ቅባቱ ከላሙ በእጅጉ ስለሚበልጥ ፓኒሩ ወፍራምና ነጭ ይሆናል። የሕንድ የምግብ ደንብም ፓኒር ከደረቅ ይዘቱ ቢያንስ 50 በመቶው የወተት ቅባት እንዲሆን ይጠይቃል፣ ቅባቱ የተቀነሰው በሌላ ስም ነው የሚሸጠው። ቅባቱ በወጣለት ወተት የሠራችሁት ለምን ጎማ ጎማ እንደሚል ከዚህ ይገባችኋል።

ስለ ሙቀቱ ልጨምር። ወተት ውስጥ ዋናው ፕሮቲን ኬዚን ነው። ከሱ ሌላ በተለመደው አይብ አሠራር ከአጓቱ ጋር የሚፈሱ ፕሮቲኖች አሉ። ወተቱ ከ80 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ እነዚህ ይፈቱና ኬዚኑ ላይ ይጣበቃሉ፣ አሲዱ ሲመጣ አብረው ይረጋሉ። ከ1 ሊትር የሚገኘው ፓኒር ከፍ የሚለው በዚህ ነው። መጥበሻ ላይ የማይቀልጠውም በሙቀትና በአሲድ ስለረጋ ነው። በቂ ሳይሞቅ አሲድ የገባበት ወተት ይህን ክፍል ያጣል።

እትዬ ወንፊትን የምቃወማቸው አንድ ቦታ ላይ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ወተቱ 90 ደርሶ ወደ 70 እና 75 መካከል ይወርዳል፣ አሲዱ የሚገባው ያኔ ነው። ወተቱ በጣም ትኩስ ሳለ ከረጋ ፓኒሩ ውሃው ያነሰና ደረቅ ይሆናል፤ ወረድ ብሎ ከረጋ እርጥብና ለስላሳ ነው። እኔ 75ን እመክራለሁ።

ሲትሪክ አሲድ ለ1 ሊትር ወተት ወደ 2 ግራም ነው። ማንኪያውን አለማመንህ ልክ ነው፤ ደቃቁና ጥራጥሬው እኩል አይሞሉም፣ የቤት ሚዛንም 2 ግራም ላይ አስተማማኝ አይደለም። 20 ግራም መዝን፣ ውሃ እየጨመርክ 1 ሊትር ሙላው። ከዚህ ውስጥ 100 ሚሊ ሊትሩ 2 ግራም አሲድ ይዟል። ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጠው፣ ስትሠራ ሞቅ አድርገህ በልኩ ቅዳ።


ወፍራም ወንፊት፦

11! የገበታ ማንኪያ መሆኑ ነው፣ ለመብያ የተሠራ እንጂ ለመለኪያ አይደለም። እኔም 15 ብዬ ማመኔ አጉል ደግነት ነበር።

ነጭ ጋውን፣ የ20 ግራሙ ዘዴህን ወድጄዋለሁ። ትንሿን ነገር ትልቅ አድርጎ መዝኖ በውሃ ማካፈል ነው፣ ለቅመምና ለእርሾም ይሆናል። ያንን 100 ሚሊ ሊትርም ቢሆን ግን የማታ ድስት እያየ ያፍስሰው፣ 80 ላይ ከጠራለት 80 ላይ ያቁም።

በ75ቱ ግን አልስማማም፣ ቢያንስ ለሱ። አንተ የምታወራው መጫኛው፣ ቀዝቃዛው ውሃና የጎሽ ወተቱ ሁሉ ስላለው ቤት ነው። የሱ ችግር ደረቅ መሆን አይደለም፣ መጥበሻ ላይ መበተን ነው። የላም ወተት ይዞ በጀሪካን ለሚጭን ሰው ከ85 ሳይወርድ ማርጋት ይሻለዋል፤ ጠንከር ቢልበት ቢላው ይይዝለታል፣ ስፒናቹ ውስጥ ሲገባም ይለሰልሳል። ለስላሳውን ለሚፈልግ፣ ለምሳሌ ሳይጫን እየታሸ ራስጉላ የሚባለው የሕንድ ጣፋጭ ለሚሠራበት ጨና ለሚባለው አይብ፣ ያንተን 75 እኔም እቀበላለሁ።

ካርቶኑን ግን አንተ እንዳልከው ይተወው። በእጁ የቀረ ካለም ለሻይ ያድርገው።


ጓዳ ሠፈር፦

ይቅርታ አቋረጥኳችሁ። የዱቄት ወተትስ? እኔ የማገኘው እሱን ነው። የተሠራው ፓኒርስ ስንት ቀን ይቆያል?


ነጭ ጋውን፦

ሙሉ ቅባት ያለው የዱቄት ወተት ከሆነ ይሆናል። 130 ግራም ዱቄት በውሃ በጥብጠሽ 1 ሊትር አድርሺው። ስትበጠብጪ ውሃው ለብ ያለ ይሁን፣ ከዚያ ጉብታው እንዲሟሟ ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት ሰዓት አሳርፊው። ከትኩሱ ወተት ለስለስ ይላል፣ ለመጥበስ ሳይሆን ለተፈረፈረ ወጥ ነው የሚሻለው። ቅባቱ የወጣለት ዱቄት ከሆነ ቅቤ ወይም ክሬም ካልጨመርሽበት አትድከሚ።

ፓኒር ጨው የለውም፣ ውሃውም ብዙ ነው፣ ስለዚህ አይታመንም። ፍሪጅ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ተሞልቶ፣ ውሃው በየቀኑ እየተቀየረ 3 ወይም 4 ቀን። ከዚያ የሚያልፍ ከሆነ ቆራርጠሽ ፍሪዘር አስገቢው። ከበረዶው ሲወጣ ትንሽ ይፈረፈራል፣ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ብትነክሪው ይመለሳል።


የማታ ድስት፦

ትኩስ ወተት 2.5 ሊትር ይዤ ገብቻለሁ፣ ሚዛኑም ጠረጴዛው ላይ ነው። ለ2.5 ሊትር 45ቱን ሳባዛ 112 ሚሊ ሊትር ገደማ ሎሚ አዘጋጃለሁ ማለት ነው፣ ሁሉንም ላላፈስ። ልክ ነኝ? መጥበሱንም ንገሩኝ፣ ባለፈው ያጣሁት እዚያ ላይ ነው።


ወፍራም ወንፊት፦

ልክ ነህ። ከ75 ሚሊ ሊትር በኋላ ዓይንህን ከድስቱ አትንቀል፣ ብዙ ጊዜ የሚጠራው እዚያ አካባቢ ነው። ድስትህ ወለሉ ወፍራም ካልሆነ ወተቱ ሥር ይይዝብሃል፤ መጀመሪያ ሁለት ማንኪያ ውሃ አፍስሰህ ወለሉን አርጥበው፣ እሳቱም መካከለኛ ይሁን፣ አሲዱ እስኪገባ ድረስ ሥሩን እየፋቅህ አማስል።

ለመጥበሱ ከነከርክበት ውሃ አውጥተህ በጨርቅ አድርቀው። 2 ሳንቲ ሜትር በ2 ሳንቲ ሜትር ቁረጥ፣ ከዚያ ካነሰ ሲገለበጥ ይሰበራል። ዘይቱ በደንብ ይሙቅ፣ ፓኒሩን ደርድርና ተወው። አብዛኛው ሰው ቶሎ ቶሎ እየነካካ ነው የሚያፈርሰው። ሥሩ ቡናማ ሲሆን ራሱ ከመጥበሻው ይለቃል፤ ስትገፋው ካልተንቀሳቀሰ አልደረሰም። ሁለት ጎን ይበቃዋል። ከዘይቱ እንዳወጣኸው ጨው ጣል ያለበት ሙቅ ውሃ ውስጥ ጨምረው፣ ስፒናቹ እስኪደርስ እዚያው ይቆይልህ።

አጓቱን እንዳትደፋው፣ ወደ 2 ሊትር ይሆናል። ሊጥ ይታሽበታል፣ ሩዝም ይቀቀልበታል። ከሱ አንድ ሊትር ያህል ከፍለህ አንድ ቀን ውጭ ካሳደርከው ይጎመዝዛል፣ ለሚቀጥለው ፓኒር ደግሞ በሎሚው ፈንታ ታፈስበታለህ። እሱን ግን ስንት ነው ብለህ አትጠይቀኝ፣ እስኪጠራ ነው።